የፕላኔቶች ስበት የአስትሮይድን መንገድ ሲያጣምም፦ በራሳችሁ ላፕቶፕ እንዴት ይሰላል?

አፖፊስ የሚባል አስትሮይድ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ሌሊት በመሬት አጠገብ ያልፋል። ከመሬት መሃል ያለው ርቀት 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለዲሻችን ምልክት የሚልኩት ሳተላይቶች እንኳ ከዚያ ይርቃሉ። አይመታንም፤ በራዳር ከተለካ በኋላ ይህ ተረጋግጧል። ነገር ግን እንደመጣ አይሄድም። አሁን ፀሐይን በ324 ቀን ገደማ የሚዞር አለት፣ እኛን ካለፈ በኋላ አንድ ዙር ለመጨረስ 14 ወር ገደማ ይፈጅበታል። መንገዱን እንዲህ የሚቀይረው የመሬት ስበት ነው።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አፖፊስ ቲክቶክ ላይ ያዩና ክፍል ውስጥ ይጠይቁኛል። አንዷ ግን ከሌሎቹ ለየት ያለ ጥያቄ አመጣች፦ «ቲቸር፣ ይመታናል ወይስ አይመታንም የሚለውን ተውትና፣ እንዴት ነው የሚሰላው? እኛ ማስላት እንችላለን?» «ትችላላችሁ» አልኳት። ይህን የጻፍኩት ለእሷና እንደ እሷ ለሚጠይቁ ነው። የሚያስፈልገው የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኤክሴል የሚከፍት ላፕቶፕ (ያገለገለም ይሆናል) እና ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡ

ትምህርት ቤት የምንማረው የኬፕለር ሞላላ ምሕዋር የሚሠራው ለሁለት አካላት ብቻ ነው። ፀሐይና አንድ አስትሮይድ ብቻ ቢኖሩ ኖሮ አስትሮይዱ ያንኑ መንገድ ለዘላለም ይመላለስበት ነበር። ሰማዩ ግን ባዶ አይደለም። ጁፒተር አለ፣ ሳተርን አለ፣ እኛም አለን። ሁሉም ይጎትታሉ። የሦስትና ከዚያ በላይ አካላትን እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ ጽፈን የምንገላገልበት ቀላል ቀመር የለም። ስለዚህ ጊዜውን እንቆራርሰዋለን። አሁን የት ነው? ማን ምን ያህል ይስበዋል? ነገ የት ይደርሳል? ነገ ደግሞ እንደገና እንጠይቃለን። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1757 እና 1758 ፓሪስ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሃሌይን ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) መመለሻ አስልተዋል፦ አሌክሲ ክለሮ፣ ጄሮም ላላንድ እና ኒኮል ሬን ለፖት። ለስድስት ወር ያህል ከጠዋት እስከ ማታ በእጅ ደመሩ፣ አባዙ። ያገኙት መልስ ኮሜቱ ይዘገያል የሚል ነበር፤ በጁፒተር ምክንያት 518 ቀን፣ በሳተርን ምክንያት 100 ቀን። ኮሜቱ በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ለፀሐይ እንደሚቀርብ፣ አንድ ወር ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል እንደሚችል ተናገሩ። የደረሰው ማርች 13 ነው። እኛ ጋ ያኔ ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነግሠው ነበር። ዩራነስና ኔፕቱን ገና አልተገኙም። የሳተርን ክብደት በደንብ አይታወቅም። እንዲያም ሆኖ ከ75 ዓመት በላይ በሚፈጅ ጉዞ የሳቱት አንድ ወር ገደማ ነው። ሴት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና የለፖትን ስም ክፍል ውስጥ ሳልጠራ አላልፍም። የስሌቱን ብዙ ሸክም የተሸከመችው እሷ ናት።

ዳታውን አንዴ አውርዱ

የናሳው ጄፒኤል ሆራይዘንስ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። የፕላኔቶችን፣ የአስትሮይዶችንና የኮሜቶችን ቦታ በፈለጋችሁት ቀን ይሰጣል። የሠንጠረዡን ዓይነት «ቬክተር» አድርጉ። ማዕከሉን ፀሐይ አድርጉ፤ ኮዱ 500@10 ነው። መለኪያው አስትሮኖሚካል ዩኒት እና ቀን ይሁን። አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት፣ ከዚህ በኋላ ባጭሩ «አዩ»፣ 149,597,871 ኪሎ ሜትር ነው፤ በግምት የመሬትና የፀሐይ ርቀት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት የቦታ ቁጥርና ሦስት የፍጥነት ቁጥር ታገኛላችሁ።

ለልምምድ ከአፖፊስ አትጀምሩ። ከሴሬስ ጀምሩ። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል በእርጋታ የምትዞር ናት፤ ከፀሐይ 2.77 አዩ ትርቃለች፣ አንድ ዙሯ 4.6 ዓመት ነው። ድንገተኛ ነገር የላትም። የሴሬስን የአንድ ዓመት ሠንጠረዥ በአንድ ቀን ልዩነት አውርዱ። የጁፒተርንም እንደዚያው። ለጁፒተር 599 ሳይሆን 5 የሚለውን ኮድ ምረጡ። 5 ጁፒተርን ከነጨረቃዎቹ እንደ አንድ አካል ይቆጥራል፤ ለእኛ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ከሴሬስ ሠንጠረዥ የምትጠቀሙት የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ነው። ሌላውን ወደ ሌላ ሺት ወስዳችሁ ሸፍኑት። በኋላ መልስ ማረሚያ ይሆናችኋል።

ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙ ዳታ አይበሉም። አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አወርድና ስሌቱን ቤት እሠራለሁ።

የቀኑ ነገር

እዚህ ላይ ሐበሻ ልጅ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የሰማይ ስሌት ወርና ዓመት አያውቅም፤ የሚቆጥረው ቀን ብቻ ነው። ቁጥሩ የጁልየን ቀን ይባላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 እኩለ ቀን 2,451,545 ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ይጨምራል። አፖፊስ በጣም የሚቀርብበት ቅጽበት 2,462,240.407 አካባቢ ነው።

ሰዓቱን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ለመቀየር ለክፍሌ የማስተምረው አቋራጭ ይህ ነው። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ደምሩ። የማታ ወይም የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፤ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱና ቀኑን በአንድ አሳድጉ። አፖፊስ የሚቀርበው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ነው። 15 ሲደመር 21 ሰዓት ከ46 ይሆናል። ቀኑ በነጮቹ ኤፕሪል 13 ነው። በእኛ ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር የምንቆጥር ከሆነ ሚያዝያ 5 ማለት ነው፤ ስልካችሁ ግን በዚያ ሰዓት ኤፕሪል 14 ይላል። ይህን ያልለየ ሰው ስሌቱን በሙሉ በአንድ ቀን ያዛባል። አፖፊስ በአንድ ቀን ከግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ጉተታውን ማስላት

በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ አክስለሬሽኑን ማግኘት አለባችሁ። ሦስት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው የፀሐይ ጉተታ ነው። የአስትሮይዱን ቦታ ለርቀቱ ኪዩብ አካፍሉ፣ ምልክቱን ወደ ኔጌቲቭ ቀይሩ። ለሦስቱም አቅጣጫ ለየብቻ።

ሁለተኛው የፕላኔቱ ቀጥተኛ ጉተታ ነው። ከፕላኔቱ ቦታ ላይ የአስትሮይዱን ቦታ ቀንሱ። በመካከላቸው ላለው ርቀት ኪዩብ አካፍሉ። በፕላኔቱ ክብደት አባዙ። ክብደቱ ከፀሐይ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚጻፈው፦ ጁፒተር የፀሐይ 1,047.35ኛ እጅ፣ ሳተርን 3,498ኛ፣ ኔፕቱን 19,412ኛ፣ ዩራነስ 22,903ኛ። መሬት ብቻዋን 332,946ኛ፣ ቬነስ 408,524ኛ፣ ማርስ ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ አይሞላም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ቦታ የምንለካው ከፀሐይ ነው ብለናል። ፀሐይ ራሷ ግን አትቆምም፤ ጁፒተር እሷንም ይስባታል። በከተማው ባቡር ተሳፍረን በመስኮት ስናይ ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ የምንሮጠው ግን እኛ ነን። እዚህም እንደዚያው የፀሐይን እንቅስቃሴ ከስሌቱ ማውጣት አለብን። ስለዚህ የፕላኔቱን ቦታ ፕላኔቱ ከፀሐይ ላለው ርቀት ኪዩብ አካፍሉ፣ በክብደቱ አባዙ፣ ከድምሩ ላይ ቀንሱ።

ሦስቱን ደምራችሁ በ0.00029591221 ታባዛላችሁ። ይህ በአዩ፣ በቀንና በፀሐይ ክብደት ስንለካ የስበት ቋሚው ቁጥር ነው።

አንዱን በካልኩሌተር አብረን እንሥራ፣ መጠኑ እንዲገባን። አስትሮይዱ ከፀሐይ 3 አዩ ላይ ነው እንበል። ጁፒተር በዚያው መስመር 5.2 አዩ ላይ ነው። በመካከላቸው 2.2 አዩ አለ። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ርቀት ለርቀት ኪዩብ ወደ 1 ለርቀት ስኩዌር ይቀላል። የፀሐይ ጉተታ 1 ለ9 ነው፣ 0.1111። የጁፒተር ቀጥተኛ ጉተታ 1 ለ1,047.35፣ ከዚያ ለ4.84፤ 0.000197 ይመጣል። የፀሐይ እንቅስቃሴ 1 ለ1,047.35፣ ከዚያ ለ27.04፤ 0.000035። ሲቀናነስ 0.000162 ይቀራል። ይህ የፀሐይ ጉተታ 686ኛ እጅ ያህል ነው።

ትንሽ ይመስላል። በቋሚው ቁጥር አባዙትና በመቶ ቀን ምን እንደሚያደርግ እዩ፦ ግማሽ ሲባዛ አክስለሬሽን ሲባዛ ጊዜ ስኩዌር። ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ይወጣል። የመሬት ወርድ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እርግጥ አስትሮይዱም ጁፒተርም እየተንቀሳቀሱ ስለሆነ መስመሩ መቶ ቀን አይቆይም። መጠኑን ለመገመት ግን ይበቃል። ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እኔም ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለው ግፊት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ውጤቱ ይከማቻል። 2.5 አዩ ላይ ያለ አስትሮይድ ጁፒተር አንዴ ሲዞር እሱ ሦስቴ ይዞራል። እዚያ አካባቢ ሰማዩ ባዶ ማለት ይቻላል፤ ዳንኤል ከርክዉድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ክፍተት ነው።

እርምጃው

አሁን ከአንድ ረድፍ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። በጣም ቀላሉ መንገድ ፍጥነቱን በቀኑ አባዝቶ ቦታው ላይ መደመር፣ አክስለሬሽኑን አባዝቶ ፍጥነቱ ላይ መደመር ነው። እሱን ተዉት። በዚያ መንገድ ምሕዋሩ ያለ ምክንያት ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል።

ይልቅ ይህን አድርጉ፦ ግማሽ ግፊት፣ ሙሉ ጉዞ፣ ግማሽ ግፊት። አክስለሬሽኑን በግማሽ ቀን አባዝታችሁ ፍጥነቱን አስተካክሉ። በተስተካከለው ፍጥነት ሙሉ ቀን ተጓዙ። አዲሱ ቦታ ላይ አክስለሬሽኑን እንደገና አስሉ፤ የጁፒተርን ቦታም ከአዲሱ ቀን ረድፍ ውሰዱ። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ቀን ግፊት ጨምሩ። የመጀመሪያውን ረድፍ በትክክል ከጻፋችሁት ሌላውን ኤክሴል ወደ ታች ይጎትትላችኋል።

ሥራውን ሁለት ጊዜ አስኪዱት። አንዴ የጁፒተርን ክብደት ዜሮ አድርጋችሁ፣ አንዴ በትክክለኛው ክብደት። ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች ቀንሱ። ልዩነቱ የጁፒተር ሥራ ነው። በግራፍ አውጡት። መጀመሪያ ዜሮ ላይ ይተኛል፣ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ከዚያ ይፈጥናል።

ቁጥሩን ሳትፈትኑ አትመኑት

እኔ ተማሪ የሚያመጣልኝን ሺት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «መልሱ ስንት መጣ?» ብዬ አይደለም። «በምን ፈተንከው?» ነው የምለው። ኤክሴል ስህተትንም እስከ አሥራ አምስት አኃዝ ድረስ አሳምሮ ይጽፋል።

ፕላኔቶቹን በሙሉ ዜሮ አድርጉ። ግማሽ የፍጥነት ስኩዌር፣ ሲቀነስ ቋሚው ቁጥር ለርቀት፤ ይህ ኢነርጂ ነው፣ ከረድፍ ረድፍ መቀየር የለበትም። ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለም። ወደ አንድ አቅጣጫ እየሸሸ ከሄደ ግን ቀመሩ ውስጥ የተሳሳተ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ምልክት ነው።

ቀጥሎ እርምጃውን ከአንድ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ቀንሱ። የጁፒተርንም ሠንጠረዥ በግማሽ ቀን ማውረድ አለባችሁ። በዚህ ዘዴ እርምጃው ሲጋመስ ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። መልሱ በምትፈልጉት አኃዝ ድረስ ካልተንቀሳቀሰ እርምጃችሁ በቂ ነው።

በመጨረሻ የሸፈናችሁትን የሴሬስን ሠንጠረዥ ግለጡ። በጁፒተር ብቻ ስትሠሩ ልዩነት ይኖራል። ሳተርንን ጨምሩ፣ ይጠባል። መሬትን፣ ማርስን፣ ቬነስን ጨምሩ። ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ ሲጠብ ማየት፣ እያንዳንዱ ፕላኔት ሲጎትት በዓይን እንደማየት ነው። ይህን ክፍል አታቻኩሉት።

ወደ አፖፊስ

ሴሬስ ላይ የሠራው ሺት አፖፊስ ላይ አይሠራም። ምክንያቱን ተመልከቱ። ከመሬት ሲርቅ ከእኛ አንጻር በሴኮንድ ወደ 5.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሲቀርብ ወደ 7.4 ይደርሳል። የአንድ ቀን እርምጃ ከተጠቀማችሁ አንዱ ረድፍ መሬት ሳይደርስ፣ ቀጣዩ ረድፍ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ወሳኙን ሰዓት ዘላችሁት ታልፋላችሁ። መንገዱ በመሬት ስበት 27 ዲግሪ ገደማ የሚታጠፈው እዚያ መሃል ነው።

ስለዚህ ለመሬት ሲቀርብ እርምጃው ማጠር አለበት። ከመሬት ጥቂት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ አሥር ደቂቃ፣ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ወደ አንድ ደቂቃ። መሬትንና ጨረቃንም መለየት ግዴታ ነው፤ ኮዳቸው 399 እና 301 ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥረው 3 የሚለው ኮድ ለሴሬስ ይበቃል፣ እዚህ ግን አይሆንም። የጨረቃ ክብደት የመሬት 81.3ኛ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ኤክሴልን ተሰናብታችሁ ወደ ፓይተን፣ ወደ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው፣ ብትሄዱ ይሻላል። ሪባውንድ የሚባል ነፃ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) አለ። ውስጡ አይኤኤስ15 የሚባል ማስያ አለው፤ አካላት ሲቀራረቡ እርምጃውን ራሱ ያሳጥራል። ከኤክሴሉ ሳታልፉ ግን ወደ እሱ አትዝለሉ። የማታውቁትን ሳጥን መጫን ማስላት አይደለም። ስሌቱ ረጅም ከሆነ ደግሞ በየመሃሉ ቦታና ፍጥነቱን ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። መብራት ቢሄድ ከመጨረሻው ረድፍ ትቀጥላላችሁ።

ስበት ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። ኮሜት ለፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይፈነጥቃል፣ ኮሜቱንም ይገፋዋል። ሃሌይ በዚህ ምክንያት ብቻ በየዙሩ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። አፖፊስ ደግሞ በፀሐይ ሙቀት የተነሣ ወደ ፀሐይ በኩል በዓመት 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። ለጥቂት ዓመት ስሌት ልትተዉት ትችላላችሁ። ለሃምሳ ዓመት ግን አይተውም።

ሚያዝያ 5 ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ ስታሰሉ በአንድ መነሻ ብቻ አትሂዱ። አንድ አፖፊስ ሳይሆን ብዙ ቅጂ ልቀቁ። የእያንዳንዱን መነሻ ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ በሁለት፣ በአምስት ለውጡ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ተጠጋግተው ይመጣሉ። መሬትን ካለፉ በኋላ ዓመት በዓመት እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ትንሿን ልዩነት ያጎላት ስበታችን ነው። ባለሙያዎቹ ከራዳሩ ልኬት በፊት እ.ኤ.አ. በ2029 (በእኛ 2021) በሚያልፍበት ቦታ 600 ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ጠባብ መስኮት ላይ ዓይናቸውን ተክለው የነበረው ለዚህ ነው። አፖፊስ በዚያች ቢያልፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2036 ተመልሶ ይመታን ነበር። የእናንተን ቅጂዎች በ2036 የት የት እንደደረሱ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡና ስፋታቸውን ለኩ። ስለ አፖፊስ ከምትጽፉት ቦታ ጎን መጻፍ ያለበት የእርግጠኝነት ልክ እሱ ነው።